የሽሪምፗ መርዶ

ሐኪሙ «ከአልጋ እንዳትወርጂ» ያለኝ ዕለት ተኝቶ መዋል ዕረፍት መስሎኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላኝ ጣሪያውን መሳደብ ጀመርኩ። ክር ፋብሪካ ቆሜ ለምውል፣ አፌም እግሬም ለማያርፍ ሴት፣ ጋደም ብሎ መክረም ቅጣት ነው። ምርጫ ግን አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዤ ሁለቱም አልቆዩልኝም። ይሄ ሦስተኛው ነበር። ሐኪሙም አልደበቀኝም፤ ሥራ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ ድንጋጤ የለም። የቀረኝ ጋደም ብዬ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ጅቡቲ ይወርዳል፣ ጭኖ ይመለሳል፣ ቃሊቲ ያራግፋል፣ እንደገና ይወርዳል። ብቻዬን ጥሎኝ መሄዱ ሲከነክነው ከረመና አንድ ቀን የመስታወት ገንዳ በሁለት እጁ አቅፎ ገባ። መኪናውን የሚያስጠግንበት ጋራዥ የሚሠራ አንድ ቻይና ሀገሩ ሊገባ ሲል ዕቃውን አከፋፍሎ ነው። ለአንዱ ፍሪጅ ደርሶታል፣ ለሌላው ብስክሌት፤ ለእኔ ባል አኳሪየም። ዓሣ ፈለግኩ፣ የለም። እንደ ጎፈሬ በተንጨፈረረ የውሃ ሣር መሃል ጥፍር የሚያካክሉ፣ ቀያይ፣ ጢማም ነገሮች ይርመሰመሳሉ።

«ሽሪምፕ ናቸው። እንዳይደብርሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«ከዚህ የባሰ የሚደብር ከየት አገኘህ?» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ቻይናው በተሰባበረ አማርኛ ያስተማረውን ባሌ ለእኔም አስተማረኝ። ሲያድጉ ልብሳቸው ይጠባቸዋል፤ እንዳለ ያወልቁትና በአዲስ ይወጣሉ። የወለቀውን ስለሚበሉት አይጣልባቸውም። ውሃ ሲጨመር ደግሞ ከቧንቧ በቀጥታ አይሆንም፤ የተጨመረበት መድኃኒት እስኪወጣለት ባልዲ ውስጥ ማደር አለበት። ይሄኛው አላስቸገረንም። እኛ ሠፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ባልዲ ውስጥ ሳያድር የምንጠጣው ውሃ የለም።

ገንዳውን ከራስጌዬ አስቀምጦልኝ ወደ መንገዱ ሄደ። እኔም ሌላ የማየው ስላጣሁ አየኋቸው። ወንዶቹ ቀጫጭን፣ ፈዘዝ ያሉ ናቸው። ሴቶቹ ወፈር፣ ደመቅ ይላሉ። ሴቷ ስትደርስ ከአንገቷ በታች፣ ጀርባዋ ላይ፣ ቢጫ ነገር እንደ ኮርቻ ይታያል፤ ገና ያልወረደ እንቁላል ነው። ከዚያ ልብሷን ታወልቃለች። ገላዋ ስስ ስለሚሆን ሣሩ ውስጥ ትደበቃለች። ወንዶቹ ግን ሽታዋን ከውሃው ያገኙትና ያብዳሉ፤ ከላይ ታች ይከንፋሉ፣ መስታወት ይገጫሉ፣ እርስ በርስ ይጋጫሉ። አንዱ ሲያገኛት ጉዳያቸው ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ እንቁላሉ ሆዷ ሥር ወርዶ ይጣበቃል፤ እሷም በሆዷ ሥር ባሉት ትንንሽ እግሮች ሳታቋርጥ ታራግብለታለች። ትበላለች፣ ታራግባለች። ትተኛለች እንዳልል፣ ስትተኛ አይቻት አላውቅም።

የተሸከመችውን የምትጥልም አለች። አንዷ እንቁላሏን የገንዳው ወለል ላይ በትና ሳያት ቀኑን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ዋልኩ። ሞኝነት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ነገሬ ግን ከእነሱ ጋር ተያይዞ ነበር። ከሁሉ የምትገዝፍ አንዲት ነበረች፤ ትልቋ እላታለሁ። ኮርቻዋ መጉላት፣ መድመቅ ሲጀምር፣ ይቺ ከያዘች እኔም እይዛለሁ ብዬ ከራሴ ጋር ተወራረድኩ።

በዚያው ሰሞን አማቴ ሊያስታምሙኝ ከሞጆ መጡ። ዝምተኛ ናቸው። እኔ ደግሞ ዝም የሚለኝን ሰው የጠላኝ ነው የሚመስለኝ። ያለፉት ሁለት ጊዜ ሲያጋጥመኝ መጥተው «ሌላ ይሰጥሻል» ብለውኝ ተመልሰዋል። ሰው ሁሉ ያለኝ ያንኑ ነው። ከእሳቸው ሲሆን ግን ቅር ብሎኝ፣ ቅሬታዬን በሆዴ ይዤው ነበር።

ገንዳውን ሲያዩ «እነዚህን ትሎች ማን ሊበላቸው ነው?» አሉ።

«አይበሉም እማማ፤ ለማየት ናቸው።»

«ለማየትማ እኔ መጥቼ የለ?»

እንዲህ ቢሉም የተቀቀለ ቆስጣ ቆራርጠው የሚሰጧቸው እሳቸው ሆኑ። ትልቋንም አሳየኋቸው። ዓይኔ እሷ ላይ እንደሆነ፣ እንቁላል እንደምትሸከም ነገርኳቸው። ስለ ልብስ መቀየሩ ግን አልነገርኳቸውም፤ ለእኔ የታወቀ ነገር ሆኖብኝ ለእሳቸው አዲስ መሆኑ አልታሰበኝም።

አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ገንዳው በፎጣ ተሸፍኗል።

«ምነው እማማ?»

«ብርድ ነው ዛሬ። ይረፉ።»

ፀሐዩ ግድግዳውን ያቃጥላል። ሆኖም ከአማት ጋር ክርክር አይገባም። ማታም አልገለጡትም። ራታቸውን ሳይበሉ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡና ቆይተው ተመለሱ።

እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተከፈተ። አማቴ ከፊት፣ ከኋላቸው ሁለት ጎረቤቶቼ። አንደኛዋ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ በሠፈራችን ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። ሌላዋ ማረሚያ ቤቱ አጠገብ ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ የስልጤ ሴት ናት። እሑድ ዋና ገበያዋ ነው። ሱቋን ዘግታ መጥታለች። አማቴና አሮጊቷ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዳቸውም እንዴት አደርሽ አላሉኝም።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ነበር። መርዶ እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በጠዋት፣ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። ሆዴ እንደ ድንጋይ ደረቀ። በሁለት እጄ ያዝኩት።

«መኪናው ነው?» አልኩ። «ተገለበጠ?»

«የምን መኪና፣ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ። መጥተው እጄን ያዙኝ። «አይዞሽ። ፈጣሪ ያመጣው ነው። ያቺ... ትልቋ... ትናንት አርፋለች።»

«የቷ ትልቋ?»

የሱቋ ሴት በአገጯ ወደ ገንዳው ጠቆመችኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል አላስታውስም። «እናንተ ሰዎች፣ ልትገድሉኝ ነው?» ብዬ መጮኼን፣ ወዲያው መሳቄን፣ እየሳቅሁ ማልቀሴን አውቃለሁ። ሆዴ ቀስ እያለ ላላ። ሴቶቹ ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል። ትንፋሼ ሲመለስ «ሬሳዋ የታለ?» አልኩ።

አማቴ የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው በጥጥ የተጠቀለለ ነገር መዳፌ ላይ አኖሩ። ከነጢሙ፣ ከነእግሩ፣ ከነዓይኑ ቅርጽ የተሟላ ነው፤ ክብደቱ ግን የሽንኩርት ልጣጭ ያህል አይሆንም።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ልብሷ ነው። አውልቃው ነው።»

«እሷስ?»

«ተደብቃ ነው።»

«ኧረ ተይ ልጄ። ሌሎቹ ትናንት ሲዋትቱ ዋሉ። ወዲያ ይሮጣሉ፣ ወዲህ ይሮጣሉ፣ በራሳቸው መስታወት ይመታሉ። ለቅሶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?»

«ወንዶቹ የፈለጓት ለሌላ ጉዳይ ነው፣ እማማ።»

የሱቋ ሴት አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ፎጣውን ገለጥንና ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ፈለግናት። የለችም። ወንዶቹ ተረጋግተው ቆስጣቸውን ይለቅማሉ። ነገሩን ለእነሱ በልበ ሙሉነት ልንገራቸው እንጂ እኔም ፈራሁ፤ ልብስ ሲቀይር የሚሞትም እንዳለ ቻይናው ተናግሯል። ቆየን። ከዚያ ሣሩ ነቃነቅ አለና ትልቋ ወጣች፤ አዲስ፣ የምታብረቀርቅ፣ ሆዷ ሥር ቢጫ እንቁላል ታጭቆ፣ እያራገበች።

«ተመስገን!» አሉ አሮጊቷ እጃቸውን አጨብጭበው። «ይቺማ ልትወልድ ነው!»

ሳቃችን ሲበርድልን ወደ አማቴ ዞርኩ። ንዴቴ ገና አልወጣልኝም ነበር። «ለትል ሞት ነው እንዲህ ጎረቤት ያስነሱት? ትንሽ ቢቀር እኮ ይሄንንም አጥቼው ነበር።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከመጡ ጀምሮ እዚያ ተቀምጠው አያውቁም።

«ማስደንገጤ ጥፋት ነው» አሉ። «ግን ልጄ፣ ባለፉት ጊዜያት ማን ሊያለቅስልሽ መጣ? ላልተወለደ ድንኳን አይጣል፣ ለቅሶ አይደረስ። እኔም ‹ሌላ ይሰጥሻል› ብዬሽ ተሳፈርኩ። ሞጆ እስክገባ መኪናው ውስጥ ሳለቅስ ሄድኩ፤ እዚህ ለአንቺ ሳላለቅስልሽ። አሁን ይቺን አጥታ፣ ትልም ትሁን ምንም ትሁን፣ ብቻዋን አታዝንም አልኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ያን ሁሉ ጊዜ በሆዴ የያዝኩባቸው ነገር በምን እንደወጣልኝ አላውቅም። አሮጊቷ በርጩማ ሳቡና ተጠግተው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አላቀኑትም፤ እንዳዘቀዘቁት ነበሩ።

«ምን ነበሩ?» አሉኝ። «ወንድ ነበሩ፣ ሴት?»

ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባለቤቴም አልጠየቀኝም፤ ፈርቶ ነው። «የመጀመሪያውን አላወቅሁትም» አልኩ። «ሁለተኛዋ ሴት ነበረች።»

ያን ጠዋት ሦስቱ ሴቶች ለልጆቼ አለቀሱልኝ። ደንበኛውን ለቅሶ። የሱቋ ሴት እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፣ አማቴ ደረታቸውን መቱ፣ አሮጊቷ ቀስ ባለ ድምፅ ሙሾ አወረዱ። ማረሚያ ቤቱ በር ጠያቂው የተዘጋውን ሱቅ ሲያንኳኳ አረፈደ አሉ፤ እሷ ግን እስከ እኩለ ቀን አልተነሳችም። እኔም በመካከላቸው ተኝቼ አለቀስኩ፤ ሆዴም አልደረቀም፤ ልጄ ውስጡ ሲገላበጥ ይሰማኝ ነበር። ሁሉም ሲሄዱ እንቅልፍ ወሰደኝ። ካረገዝኩ ጀምሮ ሳልፈራ የተኛሁት ያኔ ነው።

የተወለደችው ልጅ ትምህርት ቤት ከገባች ቆይታለች። ወንድም እህት የላትም። እንግዳ «ስንተኛ ልጅ ነሽ?» ብሎ ሲጠይቃት ግን «ሦስተኛ» ትላለች፤ አያቷ እንደዚያ ነው ያስተማሯት።