የወይዘሮ ማርታ የሰርግ ካሴት

ችሎት መሀል ቆሜ ስድስት ድንጋይ የሚበላ ትልቅ ቴፕ ታቅፌያለሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ሐዋሳን «አዋሳ» የምንልበት። እኔ የጥብቅና ፈቃድ ካወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ፣ ክራቫቴን እንኳ ሰው የሚያስርልኝ ጠበቃ ነኝ። ዛሬ ልጆቹ የስልክ መልእክትና ቪዲዮ ማስረጃ ብለው ሲያቀርቡ ሳይ ሳቄ ይመጣል። የእኛ ዘመን የኤሌክትሮኒክስ ማስረጃ ይኸው የታቀፍኩት ነበር።

ደንበኛዬ ወይዘሮ ማርታ ትባላለች። ባሏ ሞቶ አርባው በወጣ ማግስት የባሏ ወንድም ከሰሳት። «ወንድሜ ሚስት አላገባም። እሷ ምግብ አብሳዩ ነበረች። ቤቱን ለቃ ትውጣ» ነው ክሱ። የጋብቻ ውሏ ጣራው ሲያፈስ ሳጥን ውስጥ በስብሷል። ያዋዋሏቸው ሽማግሌዎች አርፈዋል። የባሏ የመንገድ ሥራ ጓደኞች ካምፑ ሲነሳ በየአገሩ ተበትነዋል። የእሷ ሰዎች ቢመሰክሩ «ዘመዶቿ ናቸው» ተብሎ ቃላቸው ውድቅ ሆነ። የቀራት አንድ የሰርጓ ካሴት ነው... እሱ ካልሠራ ባዶ እጇን መውጣቷ ነው።

እኔ ደግሞ ጥድፊያዬ! የካሴቱን አንደኛ ገጽ ብቻ ሰምቼ ለፍርድ ቤቱ አስገባሁት። ከበሮው፣ እልልታው፣ የሽማግሌዎቹ ምርቃት... ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሽማግሌዎቹ «ልጆቻችን» እያሉ እንደመረቁ፣ የማንንም ስም እንዳልጠሩ ልብ አላልኩም።

የከሳሹ ጠበቃ አቶ በቀለ ግን ሙያው ላይ ያረጁ ሰው ናቸው። «የቀረበብኝን ማስረጃ ሙሉውን ሳልሰማ መልስ አልሰጥም» ብለው አመለከቱ፤ ተፈቀደላቸው። መዝገብ ቤት ቁጭ ብለው ሁለቱንም ገጽ አዳመጡ። በቀጠሮው ቀን ፈገግ ብለው መጡ።

«ሁለተኛው ገጽ ይሰማልን» አሉ።

የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠንጥኜ ካሴቱን ገለበጥኩት። አንድ ወንድ ጉሮሮውን ጠራረገ...

«እኔ ለከተማው እንግዳ ነኝ፤ እናንተ ግን እንደ ቤተሰብ ተቀበላችሁኝ። ዶሮ ወጡን ሦስት ጊዜ ነው የደገምኩት! የሠራችው እጅ ይባረክ። ውድ ሙሽራችን ፀሐይ፣ ትዳርሽ የአብርሃምና የሣራ ይሁን!» ከዚያ እልልልል...

ችሎቱ ሳቀ። እኔ ቴፑን አጠፋሁ።

አቶ በቀለ ተነሱ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እንደተሰማው ሙሽራዋ ፀሐይ ናት። ተከሳሿ ደግሞ ማርታ። የሰው ሰርግ ካሴት ተውሳ ነው የመጣችው።»

ወደ ማርታ ጎንበስ ብዬ «ይሄ ሰውዬ ማን ነው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቄ... ቬሎ ለብሼ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ማን ገባ ማን ወጣ የት አየሁና?» አለችኝ። እንባዋ ግጥም ብሏል። አንጀቴን በላችው፤ በራሴም ተናደድኩ።

ዳኛው ግን መጻፋቸውን አቁመዋል። «እስቲ መልሰህ አሰማን» አሉኝ። አሰማሁ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ድምፅ የሚያውቅ አለ?»

አቶ በቀለ ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸው «ክቡር ዳኛ፣ ማንም ይሁን ማን ሆዳም ሰው መሆኑ ያስታውቃል! ሆዳምም ቢሆን ግን የበላበትን ሰርግ ሙሽራ ስም አይስትም» አሉ።

የዳኛው ፊት በርበሬ መሰለ።

«ሆዳሙ ሰውዬ እኔ ነኝ።»

አቶ በቀለ ወንበራቸው የት እንዳለ ጠፋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኛው ተዛውረው አዋሳ በገቡ ሳምንት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ እህቱን ፀሐይን ሲድር ጠራቸው። «ቱላ መንገድ ላይ ድንኳን ያያሉ» አላቸው። የጥር እሑድ ነው፤ መንገዱ ላይ ሦስት ድንኳን ተተክሏል። እሳቸው መጀመሪያ ያገኙት ውስጥ ገቡ... በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁም!

«ሰኞ ዕለት ባልደረባዬ ለምን ቀረህ ብሎ አኮረፈኝ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቴም አታውቅም» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው «ከእንግዲህ በዚህ መዝገብ ላይ ዳኛ መሆን አልችልም። ምስክር ነኝ» አሉና ወጡ።

መዝገቡ ለሌላ ዳኛ ተመራ። በቀጠሮው እኚያው ሰውዬ ምለው ምስክር መስጫው ላይ ቆሙ። አቶ በቀለ በዚህ ጊዜ በጣም ትሁት ሆነው ጠየቁ። «ሦስት ድንኳን ነበር ካሉ፣ የዚህች ሴት ሰርግ መሆኑን በምን አወቁ? ፊቷን አይተዋል?»

«እውነቱን ለመናገር ፊቷን አላየሁም። ሳህኔን ነበር የማየው። ስወጣ ግን ሙሽራው እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ማንም ሳይሰማ እጄን ይዞ ‹ጋሼ፣ ስሟ ማርታ ነው። ምርቃቱን ግን ወስደነዋል› አለኝ። በሰው ፊት ሊያሳፍረኝ አልፈለገም።»

የሟቹን ፎቶ አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ «እሱ ነው» አሉ።

ማርታ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ባሏ ይህን ነግሯት አያውቅም። እኔም የጠበቃ ወጉ ቀርቶብኝ አብሬያት አለቀስኩ።

ሚስትነቷ ተረጋገጠ፤ ከቤቷም የሚያስወጣት ጠፋ። ውጭ ላይ «እንኳን ደስ ያለሽ» ስላት ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ካሴቴን መልሱልኝ... ያንን ምርቃት ደግሜ ልስማው» ነው ያለችኝ።

ቤቱን በአራት ቀጠሮ አተረፍነው... ካሴቷን ከመዝገብ ቤት ለማስወጣት ግን ስምንት ጊዜ ተመላለስን!