የኤልያስ መኪና

በቀደም የልጅ ልጄ አሮጌ መኪና ሊገዛ አስቦ በስልኩ ፎቶ ያሳየኝ ነበር። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ወደ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ሊያመላልስባት ነው። «እማማ፣ የቷ ትሻላለች? ሁሉም ኋላቸው ሰፊ ነው» አለኝ። እኔም ሳላስበው «መጀመሪያ የማን እንደነበረች ጠይቅ» አልኩት። «የማንም ብትሆን ምን ይለወጣል?» ብሎ ሳቀ።

በደርግ ዘመን፣ እኔና ባለቤቴ ደሳለኝ አዲስ የተጋባን ጊዜ፣ እኛም ሙዝ እንነግድ ነበር። በአህያ ጋሪ ስናመላልሰው ግማሹ ገበያ ሳይደርስ ይጠቁራል። ደጋው ላይ ጨንቻ ድረስ ብንወስደው ደግሞ በመልሱ ድንችና ጋቢ ጭነን መውረድ እንችል ነበር። ስለዚህ ርካሽ መኪና ፍለጋ ገባን። ሲቀላ ያየናት የመጀመሪያዋ ጭሷ ሰው ያፍናል። ሁለተኛዋ ሴቻ ሰፈር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር የቆመች ሰማያዊ ፔጆ ነበረች፤ ኋላዋ ረዥም፣ የኋላ ወንበሯ የሚታጠፍ። ደሳለኝ ከሥሯ ተኝቶ ሲመረምር እኔ በኋላው በር ገብቼ ተጋደምኩ። እግሬን ዘርግቼም ቦታ ተረፈ። «ይቺን» አልኩት። የመረጥኳት እኔ ነኝ።

ሻጯ ማርታ የእኔ እኩያ ነበረች። ባሏ ኤልያስ ወንጌላዊ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲዘጋ እሱን ወሰዱት፣ የት እንዳለ የሚነግራት ጠፋ። ሰው መኪናዋን ለመግዛት ፈርቶ ነበር። «ልጆቹ መብላት አለባቸው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ኤልያስ ረዥም ኖሮ የነጂው ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል። ደሳለኝ ወደ ፊት ሊስበው ሲል ማርታ ፊቷን አዞረች። እሱም አይቷት ኖሮ ወንበሩን ተወና ጋቢውን አጥፎ ከጀርባው አደረገ። እንደዚያው እየነዳ ይዞኝ ከግቢው ወጣ።

መጀመሪያ ወደ ጨንቻ ሽቅብ የወጣን ቀን፣ ከታች ከሐይቁ ዳር ሙቀት ተላቀን ዶርዜ ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖታል። የቀርከሃና የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ይገባል። ከእንሰቱ መሐል አንድ ሽማግሌ እየሮጡ ወጡ። ደሳለኝ ፍሬን ያዘ። በሩን ጨብጠው ወደ ውስጥ አዩ፤ እሱን፣ እኔን፣ ከኋላ ሙዙን።

«ኤልያስ የታለ?»

«መኪናዋን ገዝተናት ነው፣ አባባ» አለ ደሳለኝ።

«ማን ሸጠ?»

«ባለቤቱ።»

እጃቸው በሩን አልለቀቀም። በመጨረሻ «እንግዲህ ማርታ አይመጣም ብላለች» አሉ። የኤልያስ አባት ነበሩ። የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው ነው የወጡት።

ከዚያ ወዲህ ባለፍን ቁጥር ይወጣሉ። ወደ ነጂው ወንበር አይተው ይመለሳሉ። ደሳለኝ እንቅልፍ አጣ። ስንመለስ እንዳይሰሙን ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ሞተር ያጠፋ ጀመር። እኔ እርጉዝ ነበርኩ፤ ብለምነውም አልሰማኝም። አንድ ቀን በድንች እንደተጫንን ፍሬኑ አልይዝ አለ፤ ገደሉ አፍ ላይ ድንጋይ አስቆመን። ቀና ስንል ሽማግሌው መንገድ ዳር ቆመዋል። ለካስ ድምፅ ሳይሰሙም ይጠብቁናል።

ወረድኩና «አባባ፣ ምን እናድርግ? እንሽጣት?» አልኳቸው።

«ለምን? እሱ እዚህ ሲደርስ ጥሩንባ ይነፋ ነበር። እናንተ ዝም ብላችሁ ታልፋላችሁ። የሚከፋኝ ይሄ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ እየነፋን አለፍን። እሳቸውም ከደጃቸው ሆነው እጃቸውን ያነሳሉ። አንድ ክረምት ነፋን፤ እጅ አልተነሳም። ማርታን ወደ ሽማግሌው ለቅሶ ያደረስናት በዚያችው መኪና ነው። ከሸጠቻት ወዲህ ወደዚያ አልወጣችም ነበር። መታጠፊያው ላይ «መሸጤን ሲሰሙ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችን። ደሳለኝ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

«ምንም አላሉም» አልኳት።

ደርግ ሲወድቅ ማርታ እስር ቤቱን ሁሉ ዞራ ብቻዋን ተመለሰች። ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስለ ልጅ ልጆቻችንና ስለ ጉልበታችን ሕመም እናወራለን። ደሳለኝ ያረፈ ጊዜ ከሁሉ ቀድማ የደረሰችው፣ አጠገቤ አንጥፋ የሰነበተችው እሷ ናት። እኔ ግን ለእሷ እንደዚያ የማደርግበት ቀን አልመጣልኝም። ለኤልያስ ድንኳን አልተጣለም። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬያት ስኖር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብያት አላውቅም። መቃብሩ ላልታየ ሰው ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አልገባኝም።