ማህተም ያረፈበት ግጥም

ከጧቱ 12 ሰዓት፣ አራት ኪሎ

እሁድ ነው። ሰማዩ ገና አልነጣም። ጋዜጣው የሰጠኝ ሥራ አጭር ነው፤ ቦሌ በሚገኝ አንድ የቀበሌ አዳራሽ የግጥም ንባብ አለ፣ ሄደህ ዘግብ። ከገጣሚዎቹ አንዷ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ የተማሩ የቦሌ ቡልቡላ ገበሬ መሆናቸውን ሰምቼ፣ ከቤታቸው ጀምሬ አብሬያቸው ለመምጣት ወሰንኩ።

1 ሰዓት፣ ኦሎምፒያ

ውይይት ታክሲ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥመን ተቀምጠናል። ሹፌሩ ወዴት እንደምሄድ ጠየቀኝ።

«ግጥም ልሰማ።»

«በፈቃድ ነው በግዴታ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ሹፌሩም የተናገረው ቆጭቶት ይሁን ፈርቶ፣ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።

2 ሰዓት ተኩል፣ ቡልቡላ

አስፋልቱ ካለቀ በኋላ በእግር ነው። ጥቁር ጭቃ፣ የጤፍ ማሳ፣ ከራስ በላይ ዝቅ ብሎ የሚያልፍ አውሮፕላን። ወይዘሮ ዘነበች ላማቸውን አልበው ጨርሰዋል። ትኩስ ወተትና የገብስ ዳቦ ሰጡኝ። አንድ ልጃቸው ግንባር ነው፤ ደብዳቤው ከተቋረጠ ዓመት አልፎታል። ግጥሙን ለእሱ ነው የገጠሙት። ቆመው በቃላቸው አሉልኝ፦

ጥጃውን ልጠራ ብቆም ከደጅ በር፣
የጠራሁት ያንተን፣ የሱን አልነበር።

ቀጥሎ የልጁ ስም፣ መልኩና የዘመተበት ቦታ በግጥም ይመጣል።

«አዳራሹ ውስጥ የዘማች ዘመድ አይጠፋም» አሉ። «ስሙን ከሰሙ አንዱ ያየሁት አለ ይለኛል። ለዚህ ነው የምሄደው፣ ለጭብጨባ መሰለህ?»

5 ሰዓት፣ አዳራሹ

ደንቡ ይኸ ነው። ግጥም ከሳምንት በፊት ለኮሚቴው ይሰጣል፤ ኮሚቴው በታይፕ አስመትቶ ማህተም ያደርግበታል። የሚነበበው ማህተም ያረፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

ወይዘሮ ዘነበች ተጠሩ። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። ወደ ታች ወረዱ፤ ተመልሰው ወጡ።

«ይኼ የኔ አይደለም። ልጄ የታል?»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ከፊት ወንበር ተነሳ። «እናታችን፣ የዘማች እናት አታለቅስም። አስተካክለነዋል።»

«ምኑን አስተካከላችሁ? ስሙን ነው ያጠፋችሁት!»

«ማህተም ያለበት እሱ ነው።»

ኋላ ሲነበብ እንደሰማሁት፣ ጥጃው ተሰርዟል። ስሙ ተሰርዟል። በምትኩ ትራክተርና ፋብሪካ ገብቷል። ማንበብ አስተምረናቸዋል ብሎ የሚፎክር መንግሥት፣ ማንበባቸውን ረስቶ የሌላ ሰው ግጥም በእጃቸው አስጨበጣቸው።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ መልሰው «ልጄ...» ብለው ሲጀምሩ፣ ሊቀመንበሩ ግራ እጁን አነሳና መፈክር አሰማ። ሕዝቡ ተነስቶ ተቀበለ። ሦስት ጊዜ አስደገመው። የወይዘሮ ዘነበች ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ከሁለተኛው መደዳ እንኳ አንድ ቃል አልሰማሁም። እኔም ቆሜ ነበር። እጄም ተነስቶ ነበር። ይኸንንም መጻፍ አለብኝ።

ከዚያ የኮሚቴው ጸሐፊ ወረቀቱን አነበበችው። ተጨበጨበ።

8 ሰዓት፣ የቡልቡላ መገንጠያ

አስፋልቱ ዳር ድረስ ሸኘኋቸው። ምን ልበል ብዬ «ግጥምዎ ጥሩ ነበር» አልኳቸው።

«ጥሩነቱ ምን ይሠራልኛል?» አሉ፤ ቀና ብለው አዩኝ። «ጋዜጣ ላይ ትጽፍ የለ? ስሙን ጻፍ።»

እያዩኝ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ራሳቸው ፊደል በፊደል አንብበው አረጋገጡና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

11 ሰዓት፣ ዝግጅት ክፍል

ዘገባውን አስረከብኩ። በማግስቱ አራት መስመር ወጣ፤ «የአርሶ አደር እናት ግጥም በሞቀ ጭብጨባ ተሰማ» ይላል። ሐሰት ነው። ግጥማቸው አልተሰማም። ከዘገባዬም የተሰረዘው ይኸ ነው፦ ልጁ ደረጀ ይባላል። ረጅም፣ ጠይም፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው፣ ከቡልቡላ ወደ ኤርትራ የዘመተ። ያየው ካለ ለእናቱ ይንገር።