የአጎቴ ሞረድ

ሟች ሁሉ ደግ ነበር ይባላል። መንደራችን ወገዳ ግን አጎቴን የሚያውቃቸው በነገረኛነታቸው ነው። ለፋሲካ ቢላ ሲመጣላቸው፣ ከመሳላቸው በፊት ጀርባውን በሞረድ ይሞክሩታል። ሞረዱ ከተንሸራተተ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ስለቱን ያቀጥኑታል። ሞረዱ ከበላው ለስላሳ ነው፤ ወፈር ያደርጉታል።

"የኔን ለምን አወፈሩብኝ?" አላቸው አንዴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር።

"ለስላሳ ነዋ፣ ጓድ። ቢቀጥን አጥንት ላይ ይታጠፋል።"

"ሁሉም እኩል ነው ተብሏል እኮ።"

"ለብረቱ አልነገራችሁትም።"

ዘንድሮ አረፉ፤ መደባቸው ባዶ ሆነ። በፋሲካ ዋዜማ ጎረቤቶች እንደ ልማዳቸው ቢላ ይዘው መጡ። ልመልሳቸው ስል የአጎቴ ልጅ መደቡ ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ቢላ ተቀበለች። በሞረዱ ደጋግማ ሞከረችው።

"እንዲህ ከዘገየሽ በጉ ያረጃል" አላት ባለቢላው።

"ይታገሥ" አለች ቀና ሳትል። "ብረቱን ገና አላወቅሁትም።"