ሲስተር ብርቅዬ እንቅልፍ የከለከለችው ጨቅላ

በ1977 ዓ.ም. አዋሳ ውስጥ፣ አንድ ሆስፒታል የኦፕራሲዮን ክፍል ፅዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ሲስተር ብርቅዬ ደግሞ ሰመመን ሰጪ ነርስ ነበረች፤ «አስተኚዋ» እያልን እንቀልድባት ነበር። በሽተኛ ሲድን ምስጋናው ሁሉ ለዶክተሩ ነው፤ እሷን የሚያነሳ የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንድ ጠዋት በሰባት ወሩ የተወለደ፣ ሁለት ኪሎ እንኳ ያልሞላ ሕፃን መጣ። አንጀቱ በብሽሽቱ በኩል ወርዶ ተቆልፎበታል። ኦፕራሲዮን ካልሆነ ይሞታል፤ ሰመመኑ ቢበዛበትም ይሞታል። ብርቅዬ እጅና እግሩን በጥጥ ጠቀለለች፤ የልብ ማዳመጫውን ደረቱ ላይ በፕላስተር ለጠፈች። ከዚያ ፊቱ ላይ ከደፋችው ጭምብል ጋር የተያያዘችውን የአየር መስጫ ፊኛ በሁለት ጣቷ እየጨመቀች ተነፈሰችለት። አንድ ሰዓት ሙሉ ዓይኗን አልነቀለችም። ኦፕራሲዮኑም ሰመረ።

ዋናው ጭንቅ ግን ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ጨቅላ ሰመመን ከወሰደ በኋላ እንቅልፍ ሲጥለው መተንፈስ ይረሳል። ስለዚህ ብርቅዬ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ትንፋሹ በቆመ ቁጥር ውስጥ እግሩን በጣቷ መታ ታደርገዋለች። እሪ ብሎ ይተነፍሳል።

ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጡት አያቱ፣ ወይዘሮ አባይነሽ፣ አንጀታቸው ተቃጠለ። «ምነው ልጄ! ሆዱን ተቀዶ የወጣ ሕፃን እንዴት እንቅልፍ ይከለከላል?»

«እማማ፣ የዛሬ እንቅልፉ አይታመንም።»

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ አስጠራትና እግሩን ለእኔ አደራ ብላ ወጣች። አያትየው ወዲያው እግሩን በነጠላቸው ሸፈኑት። «እሰይ፣ ተኛልኝ! ዝም በይ» አሉኝ። እኔም ጅሏ ዝም አልኩ።

ብርቅዬ ስትመለስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ነጠላውን ገፍፋ ውስጥ እግሩን መታችው፤ አልሰማም። ጭምብሉን ፊቱ ላይ ደፍታ ፊኛዋን ጨመቀች። ደጋግማ ጨመቀች። በመጨረሻ ደረቱ ተነሣና አለቀሰ። እንደዚያ ደስ የሚል ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። በዚያች ሴት ስም እስክምል ድረስ ኮራሁባት። እኔን አልተቆጣችኝም፤ አለመቆጣቷ ባሰብኝ።

ወይዘሮ አባይነሽ ወንበር ስበው የልጁን እግር ያዙ። እስከ ማግስቱ ከብርቅዬ ጋር እየተፈራረቁ ጠበቁት። ጠዋት ብርቅዬ ደረቱን አዳምጣ፣ «አለፈ እማማ፤ አሁን እንደ ልቡ ይተኛ» አለቻቸው።

አያትየው ጣታቸውን ከእግሩ አላነሱም። «አንቺ ሂጂና ተኚ፣ ልጄ» አሏት። «ተረኛዋ እኔ ነኝ።»