አላሞ አይነካም

አባቴ አላሞ ነው። ዋጫ አጠገብ ባለው ሰፈራችን መንፈስ ያድርበታል፤ ጭንቅ ያለበት ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል። እኔ ደግሞ ቦንጋ ከተማ ነርስ ነኝ። ባልደረቦቼ «ያባትሽ መንፈስ አንድ ቀን እንኳ የአዳር ተራችንን አይሸፍንልንም?» እያሉ ይቀልዱብኛል።

ልጅ ሳለሁ ነገሩ ቀላል ነበር። መንፈሱ ሲወርድበት ድምፁ ይወፍራል፣ አንገቱ ይገተራል። ከፊቱ የተንበረከከውን ሁሉ መጀመሪያ በቋንቋችን በካፊኖኖ «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ሰውየው የአባቱን ስም ይናገራል። «ደህና ነው?» ይላል መንፈሱ። ጉዳይ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሲያበቃ አባቴ የተናገረውን አንዱንም አያስታውስም፤ ምሳውን ይጠይቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ መንፈሱ እያለበት አላሞ አይነካም።

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ ሳለ፣ አባቴ ከመቀመጫው ተንሸራቶ ወደቀ፤ አፉ ተጣመመ። ሰው ሁሉ መንፈሱ መስሎት ግንባሩን መሬት አስነክቶ እስኪናገር ጠበቀ። ታላቅ ወንድሜ የደወለልኝ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። «ዛሬስ መንፈሱ ቆየ» አለኝ።

«ወይ አበሳዬ! ስትሮክ ነው፣ አንሱት!» ብዬ ጮህኩ።

«እንዴት ተብሎ ይነካል?» አለ።

ወንድሜ ደግ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ባገኘው አንቄ እገድለው ነበር።

ነፍሱ ተረፈች፣ ንግግሩ ሄደ። «እ... ያ...» ይልና ያለቅሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ አጥበዋለሁ፣ ክንዱን አሸዋለሁ፣ «ልጄ በለኝ እስቲ» እለዋለሁ። ከንፈሬን ያያል እንጂ ቃሉ አይመጣለትም። ከሁሉም በላይ የፈለግኩት ያቺን አንዲት ቃል ነበር። ደከመኝ፤ መሄዱም መምጣቱም፣ ተስፋ ማድረጉም ደከመኝ።

በቀደም ወንድሜ ደውሎ «መንፈሱ ተመልሷል፤ አባባ እየተናገረ ነው» አለ። በምሠራበት ቦታ ላለው ሐኪም ነገርኩት፤ ይስቃል ብዬ ነበር፣ አልሳቀም።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ቃል እየመረጠ የሚያናግረው የአንጎል ክፍል ነው የተጎዳው። ዕድሜ ልኩን ሲደጋግመው የኖረው ንግግር ግን በሌላ መንገድ ሊወጣ ይችላል። መናገር አቅቷቸው ጸሎትና ዘፈን የሚወጣላቸው አሉ።»

ገባኝ። መግባቱ ግን አላሳረፈኝም። ድምፁ ናፍቆኝ ነበር፣ በቃ!

ሄጄ ከሰዎቹ ጋር ተንበረከክሁ፤ እኔ፣ ነርሷ። ተራዬ ደረሰ። የተጣመመው አፉ ተከፈተ፣ ጥርት ባለ ድምፅ «የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ለሁሉም የሚባል እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የአባቴን ስም ነገርኩት።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነው» አልኩት።

አገጩ ላይ ለሃጭ ይወርድ ነበር። መሐረቤን አወጣሁ፣ እጄን ዘረጋሁ። ብነካው ድምፁ ይጠፋብኛል ብዬ ፈራሁና እጄን መለስኩ።