አልጠነክር ያለው ማህፀን

ቡሬ አቅራቢያ ወዳለች ጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆኜ በተመደብኩ ሰሞን ነው። አለምነሽ የምትባል ወላድ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። የእንግዴ ልጁ ግን አልወጣም። ሆዷን ብዳስሰው ማህፀኗ እንደ ሊጥ ልል ነው፤ ትልቅነቱም አልቀነሰም። ውስጥ ውስጡን ደም እየሞላ ያለ መሰለኝ።

መምህራችን፣ «የማህፀን ጡንቻ የሚኮማተረው ሴሎቹ ገለፈታቸው ላይ ባሉ ቀዳዳዎች መልእክት ሲቀባበሉ ነው፤ መልእክቱ ከደከመ የማኮማተሪያ መርፌ ይቀሰቅሰዋል» ይሉን ነበር። መድኃኒቱን በመርፌ ቀዳሁ።

«ሲስተር፣ ልሞት ነው?» አለችኝ ፊቴን አይታ።

«አይዞሽ እታለም፣ ማርያም ምራሻለች» አልኳት፤ እኔው ሳላምንበት። ከመውጋቴ በፊት እስቲ አንዴ ላሸው ብዬ መዳፌን ሆዷ ላይ ጫን አደረግሁ።

ከውስጥ የሕፃን ተረከዝ መዳፌን ረገጠኝ።

ውስጥ ያለውን ሕፃን ሊያፍነው የነበረውን መርፌ ወርውሬ፣ «እታለም፣ አልጨረስሽም፤ መንታ ነው!» አልኳት።